ከጎንደር እስከ ጨነቅ፦ አምስት ቀን ወፍ ፍለጋ

ነገሩ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ኅዳር ላይ ስለ አእዋፍ እያወራሁ አንዲት ተማሪ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያመለከተች «ቲቸር፣ ያቺ ምን ትባላለች?» አለችኝ። ዞር ብዬ አየሁና «ርግብ» አልኳት። «እሱንማ አውቃለሁ፤ ምን ዓይነት ርግብ?» መልስ አልነበረኝም። አጣርቼ እነግርሻለሁ ብያት ደወል ተደወለ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

ታኅሣሥ ላይ ዕቁብ ደረሰኝ። የሴሚስተር እረፍታችን ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ነበር። ወደ ሰሜን ተራሮች ወፍ ፍለጋ እንሂድ ብዬ ታላቅ እህቴን አግባባኋት፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከነባለቤቱ ተጨመረና አራት ሆንን። በሰው በሰው ወፍ ለማሳየት የሠለጠነ አንድ የደባርቅ ልጅ አገኘን። በቀን 500 ብር ነው የሚያስከፍለው፣ ለአራት ሲካፈል አይከብድም። ባይኖኩላር ሁለት ብቻ ነበረን፤ አንዱ የሱ ነው፣ ሌላውን ከወዳጅ ተዋስን። እኔ አንድ ደብተር ገዛሁና ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልኩት። በግራ የኛን ስም፣ በቀኝ የፈረንጁን ስም ልጽፍበት። ጉዞው በጥር 2012 ዓ.ም. ስለሆነ የምጠቅሰው ዋጋ ሁሉ የዚያን ጊዜው ነው።

ዓርብ፣ ጥር 22፦ ጎንደር፣ ኮሶዬ፣ ደባርቅ

በአስተርዮ ማርያም ማግሥት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሳን። አስጎብኚያችን ከማታው ጎንደር ገብቶ አድሯል። መናኸሪያ ሄደን ብንሳፈር በሰው 60 ብር ነበር፤ መንገድ ላይ መቆም ስለፈለግን ግን ሚኒባስ በ1,400 ብር ኮንትራት ያዝን። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከመውጣታችን በፊት ልጁ ፋሲል ግቢ አጠገብ ሾፌሩን አስቆመው። ሁላችንም ገና ከተማ ሳንለቅ ምን ሊያሳየን ነው ብለን ተያየን። ግንቡ አናት ላይ የተደረደሩትን ርግቦች በጣቱ አሳየኝና ባይኖኩላሩን ሰጠኝ። ግራጫ ናቸው። ማጅራታቸው ላይ ነጭ አንገትጌ የመሰለ ነገር አለ። ሲበሩ ደግሞ ክንፋቸው ላይ ነጭ ይታያል። «ይህቺ ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ የትም የለችም» አለን። ገደል ላይ የምትኖር ወፍ ስለሆነች ግንቡንና ቤተ ክርስቲያኑን እንደ ገደል ቆጥራ ጎጆ ትሠራበታለች። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ግንብ ሥር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! የተማሪዬ ጥያቄ ጉዞው ሳይጀመር ተመለሰ። በቀኝ በኩል «ዋይት ኮላርድ ፒጅን» ብዬ ጻፍኩ፣ በግራ «ባለ ነጭ አንገትጌ ርግብ»። የግራው የራሴ ነው፣ ሰው እንደዚያ ሲጠራት አልሰማሁም።

ኮሶዬ ላይ ወርደን ወደ ቆላው የሚያሳየው ገደል አፋፍ ላይ ቆምን። ጭጋግ ስለነበር ብዙ አላየንም። ሻይ በዳቦ ጠጥተን ቀጠልን።

አምባ ጊዮርጊስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ክሪኩን አውጥቶ አነሳው፣ ስኮርታውን ሲያወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ሁለቱንም ጎማ በአይሱዙ ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ። እኛ የወገራ ሜዳ ላይ ቀረን። ገብሱ ታጭዷል፣ ምድሩ ቃርሚያ ብቻ ነው። ባልደረባዬ ተናዶ ነበር፤ ልጁ ግን ደስ ያለው ይመስል ጋቢውን መሬት ላይ አንጥፎ ተቀመጠ። «ከዚህ የተሻለ ቦታ ላይ አይፈነዳም ነበር» አለን።

እውነቱን ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰማዩም ሜዳውም ባዶ አልነበረም። ባሕር ዛፍ ላይ አንድ ጭልፊት መሳይ ተቀምጦ ነበር፣ ደረቱ ነጭ ጅራቱ ሸክላ ቀለም። ኦገር ባዛርድ ይባላል፤ በየመንገዱ ስላየነው በመጨረሻ መቁጠር ተውን። ከፍ ብሎ ደግሞ ክንፉን ዘርግቶ የሚዞር ትልቅ ንስር ነበር። ስቴፕ ኢግል፤ ከእስያ ሜዳ ክረምቱን ሸሽቶ የመጣ እንግዳ ነው። የፈረንጅ ክረምት የኛ በጋ ስለሆነ በጥር ደጋችን ላይ እንዲህ ያለ እንግዳ ብዙ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ቃርሚያው ውስጥ ሲለቅሙ የነበሩትን ነው። ወደ ሃያ ይሆናሉ። ዶሮ ያካክላሉ፣ እግራቸው ግን ረዘም ይላል። ሰውነታቸው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ያብለጨልጫል። ምንቃራቸው እንደ ማጭድ ወደታች የቆለመመ ነው። እሱን መሬት ውስጥ እየሰኩ ትል ያወጣሉ። ከጉሮሯቸው ሥር ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሏል። አንድ ውሻ ሮጦ ሲመጣባቸው ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሱ፣ ክንፋቸው ላይ ነጩ ወጣ፣ «ሃ! ሃ! ሃ! ሃ!» እያሉ አለፉን። እህቴ እጄን ያዘችኝ። «ይሄ እኮ ጠዋት ጠዋት ቤታችን ላይ የሚጮኸው ነው!» ነው እንጂ! ስንት ዓመት የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው፤ ባለቤቱን ያየሁት ያን ቀን ነው። በቀኝ «ዋትልድ አይቢስ»። ይህም የኛው ደጋ ወፍ ነው። የኛን ስም ልጁን ጠየቅኩት፣ ሥልጠናው በእንግሊዝኛ ስለነበር አያውቀውም። አጠገባችን የቆሙትን እረኞች ጠየቅኩ፤ አፍረው ሸሹ። የግራው ባዶ ቀረ።

ጎማው ተሠርቶ መጣ። ደባርቅ የገባነው ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። ዓርብ ስለሆነ ተጋቢኖ በላን፣ 45 ብር። ከጎንደሩ በአምስት ብር ይረክሳል፣ ሽሮው ግን የበለጠ ወፍሯል፤ ሚጥሚጣው ደግሞ ለብቻ ነው የሚመጣው። ያደርንበት ሆቴል አልጋው 250 ብር ነው። ሙቅ ውኃ አለ ተብለን ነበር፣ ማታ ስንጠይቅ ጠዋት ይመጣል አሉን፣ ጠዋት ደግሞ መብራት የለም። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በዚያ ብርድ ፊት መታጠብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፦ የሊማሊሞ ጫካ

ከደባርቅ ወጣ ብሎ መሬቱ ድንገት ይቆረጣል። ገደሉ አናት ላይ የቀረ ጫካ አለ፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ አስታ፣ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ። ከቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበት እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጓል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። ልጁ ሦስት ነገር ለመነን፦ ስልካችሁን ድምፅ አጥፉ፣ ደማቅ ልብስ ካላችሁ በጋቢ ሸፍኑት፣ ስታዩ በጣት አትጠቁሙ። ከዚያ ቆምን። ግማሽ ሰዓት ያህል መቆም ብቻ። እኔ ለካ ዝም ብሎ መቆም አልለመድኩም፤ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የማወራ ሰው ነኝ። መጀመሪያ የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ነበር። ቀስ በቀስ ጫካው ብቻ ቀረ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ሁለት ወፎች እየተቀባበሉ የሚዘምሩት፣ አንዷ ስትጀምር ሌላኛው የሚቀጥለው፣ መሪና ተቀባይ እንዳለው ማሕሌት ነው። አቢሲኒያን ካትበርድ ይባላል፣ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ግራጫና ትሑት ወፍ ነው፣ ዓይን አይስብም። ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ግን ባይታየኝም ግድ አልነበረኝም።

ከዚያ ልጁ ክንዴን ነካ አደረገኝና በዓይኑ ወደ አንድ ትልቅ ጥድ አመለከተኝ። ምንም የለም። ባይኖኩላሩን አስተካከለልኝ፣ አሁንም ምንም። አረንጓዴ ብቻ። አረንጓዴው ተንቀሳቀሰ። ቱራኮ ነው። ራሱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጉንጩ ላይ ነጭ፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ፣ ጀርባው የጥድ ቅጠል ይመስላል። እንደ ወፍ እየዘለለ ሳይሆን እንደ ሽኮኮ ቅርንጫፉን እየሮጠበት የጥድ ፍሬ ይለቅማል። አምስት ደቂቃ ያህል አየነው። ሲነሳ ክንፉ ተከፈተና ደም የመሰለ ቀይ ወጣ፤ ሲያርፍ ተመልሶ ጠፋ። የባልደረባዬ ሚስት ሳታስበው «እሰይ!» ብላ ጮኸች። ማንም አልተቆጣትም።

ዛፉ ሥር ስንደርስ አንድ የወደቀ ላባ አገኘን። መዳፌ ላይ አድርጌ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ጫፉ ጠቆር ይላል፣ መሐሉ ቀይ ነው፤ ወይን ጠጅ የሚያደላ ንጹሕ ቀይ። ልጁ ሲነግረን፣ የሌሎች ወፎች ቀይ አብዛኛውን ጊዜ ከሚበሉት ይመጣል፤ የቱራኮ ቀይ ግን ሰውነቱ ራሱ የሚሠራው ቀለም ነው፣ ውስጡም መዳብ አለበት። በሳሙና ውኃ ቢነከር ቀለሙ ይለቃል። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪዋ ይህን አላውቅም ነበር። ለተማሪዎቼ ላሳያቸው ብዬ በጣም ፈለግኩ። ልጁ ግን «ከዚህ የሚወጣ ነገር የለም» አለ፣ ልክ ነበር። ፎቶ አንስቼ ዛፉ ሥር መለስኩት።

ስንመለስ ጫካው ዳር ያሉ አንድ እናት ቤት ቡና ተጠራን። ልጁ «እትዬ» ነው የሚላቸው፣ እኛም እንደዚያው ጠራናቸው። ጦስኝ የተነከረበት ሻይ፣ ከዚያ ቡና፣ ከገብስ ቆሎ ጋር። ገንዘብ ብንሰጥ አልቀበል አሉ፤ እህቴ ስኳር ገዝታ ላከችላቸው። ስለ ቱራኮው ስነግራቸው «እሱማ ጮሌ ነው፣ ሰው ሲያይ ዝም ይላል» አሉ። ድሮ ጫካው እስከ ቤታቸው ድረስ ይመጣ ነበር፤ አሁን የሚያዩት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ላይ እንዲህ ያለ ወፍ አይውልም አሉ። እኔ ያኔ ያሰብኩት ደብረ ብርሃን ሥላሴን ነው። ጎንደር ውስጥ ትልልቅ ጥድ የቀረው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው፤ ባይከበር ኖሮ እዚያም ባሕር ዛፍ ነበር የምናየው።

ከሰዓት በኋላ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ከፍለን ስካውት፣ ማለትም መሣሪያ የያዘ ጠባቂ፣ ተመደበልን። ያለ ስካውት መግባት አይቻልም። ስድሳ የሚሆናቸው አባት ናቸው፤ ክላሽ፣ ጋቢ፣ ኮንጎ ጫማ። ጋሼ አልናቸው። መኪና ለሦስት ቀን 3,600 ብር ተኮናተርን። ወደ ሳንቃ በር ካምፕ ስንሄድ መንገድ ዳር ሦስት ቆቆች ሲሮጡ ጋሼ ከልጁ ቀድመው «ቆቅ!» አሉ። ልጁ ደግሞ «ኤርክልስ ፍራንኮሊን» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሬ በሁለቱም በኩል ሞላ።

ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ ነው። ድንኳን ውስጥ አደርን። ብርዱን መግለጽ አልችልም፤ ያለኝን ልብስ ሁሉ ለብሼ፣ ከእህቴ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ጋሼ ውጪ እሳት ዳር በጋቢ ብቻ ተጠቅልለው አደሩ።

እሑድ፣ ጥር 24፦ ጅንባር እና ጨነቅ

ጠዋት ድንኳኑ ላይ በረዶ ጋግሯል። በሶ በሙቅ ውኃ በጥብጠን ጠጣንና ወደ ጅንባር ፏፏቴ ሄድን። ውኃው በጥር ስለሚቀንስ ቀጭን ክር ሆኖ ነው የሚወርደው፤ ገደሉ ግን 500 ሜትር ያህል ነው፣ ሲያዩት ጉልበት ያብረከርካል። ከገደሉ ግድግዳ ምንቃራቸው ነጭ የሆነ ጥቋቁር ወፎች በመንጋ እያፏጩ ይወጡ ነበር፤ ዋይት ቢልድ ስታርሊንግ፣ እነሱም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ላይ ጭላዳዎቹ ሜዳውን ሞልተው ሣር ሲነጩ አገኘን። ስለነሱ ብዙ ተጽፏል፣ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ መሐላቸው ተቀምጠን ምሳ ለመብላት አስበን ነበር፣ ጋሼ ከለከሉን። «እነሱ የሰው ምግብ ከለመዱ ገበሬው ማሳ ይወርዳሉ» አሉ። ለካ የሚያስቡት ለሁለቱም ነው።

ግጭ በሚባለው ቦታ በኩል አስታው ጠቁሮ ይታያል። የ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ እሳት ነው። ያኔ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ጋሼም እሳቱን ሲያጠፉ ከነበሩት አንዱ ናቸው፤ በአስታ ቅርንጫፍ እየመቱ። ብዙ ማውራት አልፈለጉም። ከጠቆረው ግንድ ሥር ግን አረንጓዴ ቡቃያ ወጥቷል፤ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ጨነቅ ልንደርስ ስንል ልጁ «አቁም!» ብሎ ከመኪናው ዘለለ። ከበላያችን አንድ ትልቅ አሞራ ያልፋል። ክንፉ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ተዘርግቶ ከጫፍ ጫፍ 2.8 ሜትር ይደርሳል። ጅራቱ መሐሉ ሾል ያለ ነው። ደረቱና አንገቱ ዝገት ቀለም አለው፤ ያ የተፈጥሮ ቀለሙ አይደለም፣ ቀይ አፈር ውስጥ ራሱን አሽቶ ነው የሚቀባው። ከምንቃሩ ሥር ጥቁር ጢም አለው። ላመርጋየር ይሉታል። እግሩ ላይ ነጭ ነገር ይዟል።

«አጥንት ነው» አሉ ጋሼ። «አሁን እዩት።»

ወደ ላይ ወጣ፣ ዞረ፣ ከአንድ ጠፍጣፋ አለት በላይ ሲደርስ ለቀቀው። አጥንቱ እየተሽከረከረ ወረደ፣ ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ደረሰን፦ ቋ! አልተሰበረም። ወረደ፣ አነሳው፣ ደግሞ ወጣ። ሁለተኛ ለቀቀው። አሁንም እምቢ አለ። በሦስተኛው ተሰነጠቀ። ወርዶ ስባሪውን በቁሙ ዋጠው፤ እንዲሁ፣ እስከ ጫፉ። ምግቡ አብዛኛው አጥንት ነው፣ ሆዱ ውስጥ ያለው አሲድ ያሟሟዋል። አለቱ ላይ የድሮ ስባሪ ተበታትኖ ነጭ ሆኗል፤ ስንት ዓመት የተሠራበት ቦታ እንደሆነ ማን ያውቃል። የኛን ስም ስጠይቃቸው ጋሼ «እኛ ያ አጥንት የሚሰብረው ነው የምንለው» አሉ። «አጥንት ሰባሪ» ብዬ ጻፍኩ።

ሌሎቹን አሞራዎች ጋሼ ሁሉንም ጥንብ አንሳ ነው የሚሏቸው። ከነሱ አንዱ በጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ስም የሚጠራው ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ እኛው ጎንደር ተቀምጦ ሰሜንን የዞረ ተመራማሪ ነው፤ ዋልያንም ቀይ ቀበሮንም ለሳይንስ ያስመዘገበው እሱ ነው። ይህ አሞራ ከወፍ ሁሉ ከፍ ብሎ በመብረር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 አይቮሪ ኮስት፣ አቢጃን ላይ አንዱ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሰማዩን አዩ። «እና አውሮፕላኑስ ደህና ገባ?» ገብቷል፣ አንድ ሞተሩ ተጎድቶ።

ጨነቅ ካምፕ ላይ ዳቦና እንቁላል አውጥተን ስንቀመጥ አንድ ቁራ ከጎናችን አረፈ። የከተማውን ቁራ አታስቡ። ዶሮ ያህላል፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ ወፍራም ነው፣ ማጅራቱ ላይ ኖራ የተረጨ ይመስል ነጭ አለ። የባልደረባዬ ሚስት ስልኳን ልታወጣ ዘወር ስትል ሙሉውን ዳቦ ይዞ ሄደ። ድፎ ነበር፤ ከጎንደር ያመጣነው፣ እናቴ የጋገረችው። ማታ እራታችን ቆሎ ሆነ።

ሰኞ፣ ጥር 25፦ ጨነቅ

ሌሊቱን ራሴን ሲያመኝ አደረ። ጨነቅ 3,620 ሜትር ነው፣ ከጎንደር በ1,500 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ባልደረባዬ አስመለሰው። ልጁ ውኃ አብዝተን እንድንጠጣና ቀስ እንድንል ነገረን፤ ወደ ቧሂት ተራራ የመውጣቱን ሐሳብ ተውነው።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥን። አንዲት ትንሽ ወፍ እንድናይ ነው። ቡናማ፣ ዥጉርጉር፣ ከድንቢጥ የማትለይ። መንጋው መጣ፣ ሣሩ ላይ አርፎ ዘር ለቀመና ነፋስ እንደገፋው ቅጠል ወደ ገደሉ ተነነ። አንኮበር ሰሪን ትባላለች። አንኮበር ላይ ተገኝታ ለሳይንስ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ለዓመታት እዚያ ብቻ ያለች ይመስላቸው ነበር፣ በኋላ እዚህም ተገኘች። ፈረንጆች ለእሷ ሲሉ ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ባልደረባዬ ራሱን ይዞ «ለዚህች?» አለ። ለዚህች፣ አዎ። በዓለም ላይ ያላት ቦታ እንዲህ ያሉ የኢትዮጵያ ደጋ ገደሎች ብቻ ናቸው።

ከአፋፉ በታች አምስት ዋልያዎች ነበሩ፣ አንዱ ቀንዱ እስከ ጀርባው የሚደርስ ወንድ። ስንመለስ አንድ ያበበ ጅብራ ላይ ሐምራዊ የምታብለጨልጭ ወፍ ተጣብቃ አበባውን ትመጥ ነበር፤ ወንዱ ነው፣ ጅራቱ ረጅም። ስሟን ስሰማ ደስ አለኝ፤ በቀኝ በኩል «ታካዜ ሰንበርድ»። ፈረንጆቹ ራሳቸው በኛ ወንዝ ነው የጠሯት! በግራ «የተከዜ ወፍ» አልኩ። ጅብራው ለማበብ ዓመታት ይቆያል፣ አንዴ አብቦ ይሞታል።

ማታ ደባርቅ ገባን። ጥብስ፣ 110 ብር። ከሁለት ቀን በሶ በኋላ እንደ ሠርግ ነበር። ጋሼን በቀን 200 ብር ከፍለን፣ ትንሽ ጨምረን ስንሰናበት የተዋስነውን ባይኖኩላር አንዴ ልይበት አሉ። ተራራውን አዩ፣ ሲመልሱልኝ ማንጠልጠያውን በጥንቃቄ ጠቅልለው ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 26፦ ወደ ዛሪማ ቆላ፣ ከዚያ ጎንደር

መጀመሪያ ጣሊያን በቀደደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቆላ ወረድን። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ እናወልቃለን። በሌሊት በረዶ ያየ ሰው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆኖ ሸሚዝ ብቻ ይቀረዋል። ወፉም አብሮ ይለወጣል፤ ግራጫና ቡናማው ይቀርና ቀለም ይጀምራል።

ዛሪማ አካባቢ የስልክ እንጨት ላይ አንድ ሰማያዊ ተቀምጧል፤ ሰማዩን የሚያስንቅ ሰማያዊ፣ ጀርባው ጡብ ቀለም፣ ጅራቱ ሁለት ረጃጅም ክር። አቢሲኒያን ሮለር። ሲወርድ እየተገለባበጠ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ ቀይና ቆልማማ ምንቃር ያለው ሆርንቢል። ልጁ የዛፍ ሽንቁር አሳየን፤ ሴቷ እንቁላል ስትጥል እዚያ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች፣ ወንዱ በቀረችው ስንጥቅ ምግብ ያቀብላታል። እህቴ «አራስ ናታ» አለች።

ምሳ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ 35 ብር። መልሰን ወጥተን ደባርቅ ከልጁ ተለያየንና በ60 ብር ሚኒባስ ጎንደር ገባን። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ወጪዬን ስደምረው ለእኔ ድርሻ ከፓርክ መግቢያው ጋር ወደ 3,000 ብር ነው።

ረቡዕ ጠዋት ተኝቼ ሳለሁ ጣሪያችን ላይ «ሃ! ሃ! ሃ!» አለ። በባዶ እግሬ ወጣሁ። አራት ናቸው፣ ወደ አንገረብ በኩል ያልፋሉ። እናቴ በረንዳው ላይ እህል ትለቅማለች።

«እማዬ፣ እያቸው! ዋትልድ አይቢስ ይባላሉ። ከኛና ከኤርትራ ደጋ ሌላ የትም የሉም። የኛን ስም ስፈልግ ስንት ሰው ጠየቅኩ መሰለሽ፣ የሚያውቅ አጣሁ።»

ከሰፌዱ ቀና ሳትል «ጋጋኖ ነዋ» አለች። «እኔን አትጠይቂኝም ነበር?»

ገብቼ ደብተሩን አመጣሁ። አጠገቧ ተቀምጬ ባዶውን ሞላሁ። ከዚያ ገጹን ገለጥኩና ስለ ቱራኮው ጠየቅኳት።